ድጥና ማጥ፦ ለረዥም የጭቃ አልትራ ማራቶን ጫማ አመራረጥ

ለጭቃማ ውድድር ጫማ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ጫማውን ገልብጦ የሶሉን ጥርስ ማየት ነው። ጥርሱ ረዥምና ሹል ከሆነ ጭቃውን ይነክሳል ብሎ ያምናል፤ ቁጥሩን ጠይቆ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ይገዛል። ለአሥር ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ይህ አመራረጥ ብዙም አይጎዳም። ከማራቶኑ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር አልፎ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚዘልቅ የአልትራ ማራቶን ውድድር ግን ከባድ ስህተት ይሆናል። አንድ ጊዜ ተንሸራትቶ የወደቀ ሯጭ ተነሥቶ ይቀጥላል፤ ለብዙ ሰዓት ርሶ፣ አብጦና ተልጦ መሬት መርገጥ ያቃተው እግር ግን የትም አያደርስም። ስለዚህ ጫማ ሲመርጡ ሊያስቡ የሚገባው በአሥራ አምስተኛው ሰዓት ስለሚኖርዎት እግር ነው፤ ያ እግር ሱቅ ውስጥ ደርቆና አርፎ ከሚለኩት እግር በእጅጉ የተለየ ነው።

ምሳሌዬን የምወስደው በቅርብ ከማውቀው መንገድ ነው። በእንግሊዝ ከኢዴል መንደር ተነሥቶ ስኮትላንድ ውስጥ ኪርክ የትሆልም የሚደርሰው ፔናይን ዌይ የተባለው የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 268 ማይል፣ ማለትም 431 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2012 ጀምሮ ስፓይን የተባለው የጥር ወር ውድድር የሚካሄደው በዚሁ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ለሯጮቹ የተፈቀደው ጊዜ 168 ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ሙሉ ቀን ነው። በ2019 ወንዶቹንም ጭምር ቀድማ ያሸነፈችው ጃስሚን ፓሪስ የፈጀባት 83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበር፤ እንግዲህ አንደኛ የሚወጣ ሰው እንኳ ሦስት ቀን ተኩል ያህል በክረምት እርጥበት ላይ መዋል ማደር አለበት ማለት ነው። የዚህ መንገድ መሬት በብዙ ቦታ ለዘመናት የተከማቸ የበሰበሰ እፅዋት የፈጠረው፣ ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ የሚያሰምጥ ጥቁር አፈር ነው። እግረኛው እንዳይሰምጥና መሬቱም እንዳይቦረቦር ሲባል በብዙ ስፍራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ከድንጋዮቹም ብዙዎቹ ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የተነሡ ናቸው። ሯጩ ከአረንቋ ወጥቶ ወዲያው እንደ መስተዋት የለሰለሰ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይረግጣል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ረዥም ልምምድ የሠራሁት ገበያ ላይ ካገኘሁት ሁሉ ረዥም ጥርስ ባለው ጫማ ነበር፤ አረንቋውን በሚገባ አለፍኩት፣ ሦስት ጊዜ የወደቅሁት ግን በድንጋዩ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ ከመምረጤ በፊት መሬቱን እጠይቃለሁ።

መሬቱን መለየት

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ልዩነት አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጦልናል። «ከድጡ ወደ ማጡ» ስንል ድጥ የሚያንሸራትተው፣ ማጥ ደግሞ የሚያሰምጠው መሆኑን እናውቃለን። ጫማ መራጩም በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ውድድሩ ይበልጥ ድጥ ነው ወይስ ማጥ የሚለውን ነው።

ድጥ የሚባለው ከታች ጠንካራ መሬት ኖሮ ከላዩ ስስ ጭቃ ሲያርፍበት ነው። በነሐሴ ወር በእንጦጦ ባሕር ዛፎች መካከል ልምምድ የሠራ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። እዚህ ላይ የጥርሱ ሥራ ስሱን ሽፋን በስቶ ከታች ያለውን ጠንካራ መሬት መንከስ ነው፤ ለዚህም ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው፣ ጠርዙ ያልተበላ ጥርስ ይበቃል። ጠርዙ የተጠጋጋ አሮጌ ጥርስ ቁመቱ ቢተርፈው እንኳ ስለማይበሳ ድጥ ላይ አያስተማምንም።

ማጥ ሌላ ነገር ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት ወይም እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ ቦታ የ5 ሚሊ ሜትሩም ሆነ የ8 ሚሊ ሜትሩ ጥርስ ከታች የሚነክሰው ጠንካራ መሬት አያገኝም። በዚህ ቦታ የሚጠቅመው ጫማው ከእግር ተመዝልጎ አለመቅረቱና የገባበትን ውሃ በፍጥነት ማስወጣቱ ነው። ረዥሙ ጥርስ ዋጋውን የሚያሳየው በሌላ ስፍራ፣ ማለትም ዝናብ ባለሰለሰው ቀጥ ያለ የሣር ቁልቁለትና አቀበት ላይ ነው፤ እዚያ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያለው ጥርስ ሣሩን አልፎ አፈሩ ውስጥ ስለሚገባ ከአጭሩ ጋር ያለው ልዩነት በመጀመሪያው እርምጃ ይታወቃል።

የሚጣበቀውን ጭቃ ለብቻው መያዝ ያስፈልጋል። በደጋው አገራችን በወልካ መሬት ላይ በሐምሌ የሄደ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማው ሥር የሚደራረበውን አፈር አይረሳም። ሸክላነት ያላቸውን ማሳዎች የሚያቋርጡ ውድድሮችም በየትኛውም አገር እንዲሁ ናቸው። ይህን ጭቃ የሚያራግፈው የጥርሱ ቁመት ብቻውን አይደለም፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ መሆንና ሶሉ በቀላሉ መታጠፍ አለበት፤ ሶሉ በታጠፈ ቁጥር ጭቃው ተሰንጥቆ ይወድቃልና። ጥርሶቹ የተጠጋጉበት ጫማ በወልካ ዓይነት መሬት ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ጥርስ የሌለው ያህል ይሆናል።

ውድድሩ ከእነዚህ የትኛው እንደሚበዛበት ለማወቅ አዘጋጆቹ የሚያወጡትን የመንገድ መግለጫ ያንብቡ፣ ባለፉት ዓመታት የተነሡ ፎቶግራፎችን ሲመለከቱም የሯጮቹን ፊት ትተው እግራቸውን ይዩ። ከዚህ በፊት የሮጠ ሰው ካገኙ «ጭቃ አለው ወይ» ብለው አይጠይቁት፤ «እግርህ ስንት ሰዓት ረጥቦ ቆየ? ከመንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ያህሉ ድንጋይና አስፋልት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚጥለው ዝናብም መሬቱን ከድጥ ወደ ማጥ ሊቀይረው ስለሚችል እስከ መጨረሻው ሳምንት መከታተል ይገባል።

ጥርስና ጎማ

ጭቃ ላይ የሚይዘው የጥርሱ ቅርጽ ነው፤ እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ሥር ላይ የሚይዘው ደግሞ የጎማው ልስላሴና ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው ስፋት ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ረዣዥምና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት ሶል ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚነካው በጥቂት ጫፎች ብቻ ነው፤ ክብደት ሲያርፍባቸው ጫፎቹ ይታጠፋሉ፣ ሯጩም መሬቱ ከእግሩ ሥር የሚሸሽ ይመስለዋል። ለስላሳው ጎማ በበኩሉ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል።

ገበያ ላይ ካሉት ጫማዎች ሦስቱን ብናነጻጽር ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። የእንግሊዙ ኢኖቬት መድክሎ የተባለው ጫማው 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ሲሆን ለጭቃና ለሣር ተራራ የተሠራ ነው። የፈረንሳዩ ሳሎሞን ስፒድክሮስና የሆካ ስፒድጎት ግን ሁለቱም 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያላቸው ሆነው ሳለ በጭቃ ላይ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ስፒድክሮስ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ የተራራቁ ጥርሶች ስላሉት ጭቃውን ነክሶ ያራግፋል፤ ስፒድጎት ደግሞ ጥርሶቹ ሰፋ ያሉና የተቀራረቡ፣ ጎማውም የጣሊያኑ ቪብራም ሜጋግሪፕ ስለሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ የተሻለ እምነት ይሰጣል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የሚሊ ሜትር ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። የጥርሱንም አቅጣጫ ይመልከቱ፤ ከፊት ያሉት አቀበት ሲገፉ እንዲነክሱ ወደ ፊት፣ ከተረከዝ ያሉት ደግሞ ቁልቁለት ላይ እንዲያቆሙ ወደ ኋላ የዞሩ ቢሆኑ ይመረጣል።

እኔ የምከተለው ልክ የሚከተለው ነው። ከመንገዱ ሢሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ድንጋይ፣ ጠጠርና አስፋልት ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥርስና ለስላሳ ጎማ ያለውን እመርጣለሁ፤ ጭቃው ላይ ጥቂት መንሸራተትን እታገሣለሁ። መንገዱ በሙሉ ማለት ይቻላል ሣር፣ ማሳና ለስላሳ አፈር ከሆነ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር እወስዳለሁ። 8 ሚሊ ሜትሩን ለአጭርና ቀጥ ላለ ተራራ ውድድር እንጂ ለሌሊት ሙሉ ሩጫ አልመክርም፤ በጠንካራ መሬት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ የውስጥ እግርን እየወጋ ሰዓታት ሲያልፉ ሕመሙ የሚታገሡት አይሆንም።

ልክ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። እግር በረዥም ሩጫ ያብጣል፣ ለረዥም ሰዓት የረጠበ ቆዳም ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ቆዳ ትንሽ ፍትጊያ ይበቃዋል። ሱቅ የሚሄዱት ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ከሩጫ መልስ ይሁን፤ የሚሮጡበትን ካልሲም ይዘው ይሂዱ። ሁለቱንም እግሮችዎን ቆመው ያስለኩ። የአብዛኛው ሰው ሁለት እግር እኩል ስላልሆነ ጫማው የሚገዛው በትልቁ እግር ልክ ነው።

ለርዝመቱ ከረዥሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ብዙ ሰው ለዚህ ከዘወትር ቁጥሩ ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከርዝመቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ስፋቱን ነው። ጣቶችዎ ጫማው ውስጥ መዘርጋት ካልቻሉ፣ እግሩ ሲያብጥ እርስ በርሳቸው ተፋትገው ይቆስላሉ። ጠባብ ጫማን በትልቅ ቁጥር ለማካካስ መሞከር ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ተረከዝ ይላላል፣ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሰፊ እግር ያለው ሰው በጣቶቹ በኩል ሰፋ ብለው የተሠሩትን፣ ለምሳሌ አልትራ የተባለው የጫማ ኩባንያ እንደሚሠራው ሎን ፒክ ዓይነት ቅርጽ ያላቸውን ቢሞክር ይሻለዋል፤ ይህ ጫማ ተረከዙና ፊቱ እኩል ከፍታ እንዳላቸው ግን አስቀድሞ ይወቅ።

ተረከዙ ግን መያዝ አለበት። ማጥ ውስጥ የገባ እግር ሲነሣ ጭቃው ጫማውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ተረከዙ የላላ ጫማ ወይ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ ወይ በየእርምጃው ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ ተረከዝን ይልጣል። ሱቅ ውስጥ ጫማውን አስረው አንድ ሰው የጫማውን ተረከዝ መሬት ላይ አጥብቆ እንዲይዝልዎት ያድርጉና እግርዎን ወደ ላይ ለማንሣት ይሞክሩ። ተረከዝዎ ከሶሉ ከተነሣ የማሰሪያውን የመጨረሻ ቀዳዳ ተጠቅመው ከቁርጭምጭሚት በታች ጥብቅ አድርገው እንደገና ያስሩትና ይድገሙት፤ አሁንም ከተነሣ ያ ጫማ ለጭቃ አይሆንዎትም። ቀጥሎ ቁልቁል በሆነ ነገር ላይ ወይም በደረጃ ወደ ታች ይውረዱ። ጣትዎ የጫማውን ፊት ከነካ ጥፍርዎ ከ60 ኪሎ ሜትር በኋላ መጥቆሩ አይቀርምና ጫማውን ይመልሱት።

ውሃው የሚወጣበት መንገድ

ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ጫማ፣ ለምሳሌ ጎርቴክስ የተደረገበት፣ ለጭቃ ውድድር ተገቢ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ውሃው የሚመጣው ከላይ በጤዛና በካፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ። በአልትራ ማራቶን ግን ወንዝ ይሻገራሉ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣሉ፤ ውሃው በአንገቱ በኩል ይገባል፣ ያ ሽፋንም እንዳይወጣ ያግደዋል። እግር በሞቀ ውሃ ከረጢት ውስጥ የገባ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ለአብዛኛው የጭቃ ውድድር የላይ ጨርቁ ስስና ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ፣ አሸዋውን የሚከለክል ውሃውን ግን የሚያሳልፍ ጫማ ይምረጡ። ለበረዶማና ለብርዳም ውድድር ሙቀት ካስፈለገዎት ውሃ የማያስገባ ካልሲ ማድረግ የተሻለ ነው፤ ካልሲ በየማረፊያ ጣቢያው ሊቀየር ይችላል።

የጫማውን ምላስና አንገት በጣትዎ ይጫኑ። ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ይመቻል፣ ጭቃ ውስጥ ግን ውሃ ይጠጣል። ከመጀመሪያው የልምምድ ሩጫ በፊት ጫማውን በወጥ ቤት ሚዛን ደረቁን ይመዝኑት፤ ከጥቂት ሩጫ በኋላ ደግሞ ባልዲ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይንከሩት፣ አድርገውት አምስት ደቂቃ ይራመዱና እንደገና ይመዝኑት። ክብደቱ ከደረቁ በሩብ ያህል ከጨመረና ካልቀነሰ እኔ ለረዥም ውድድር አልወስደውም። በጥናት እንደታወቀው በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ለሩጫ የሚያስፈልገው ጉልበት 1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ እርምጃዎ አንድ ሜትር ያህል ከሆነ ግን በ100 ኪሎ ሜትር እያንዳንዱ እግር 50,000 ጊዜ ይነሣል።

የሶሉ ውፍረትና የተረከዙ ከፍታ

በጣም ወፍራም ሶል ለአስፋልት እረፍት ይሰጣል፤ ባልተስተካከለ ጭቃ ላይ ግን እግርን ከመሬት ስለሚያርቅ ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ይጠማዘዛል። ጭቃው ራሱ ለስላሳ ስለሆነም ያን ያህል ስፖንጅ አያስፈልግም። መካከለኛውን መምረጥ አያስጸጽትም። በተረከዝና በፊት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከጫማ ጫማ ከ0 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ ዝቅ ሲል ባትና የተረከዝ ጅማት የበለጠ ይሠራሉ፣ ተረከዝ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥም ጅማቱ ከተለመደው በላይ ይለጠጣል። የለመዱትን ከፍታ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ አይቀይሩት።

ማሰሪያው፣ ምላሱና ሁለተኛው ጥንድ

ማሰሪያው ጠፍጣፋና ሻካራ ቢሆን ቋጠሮው በጭቃ ርሶም አይፈታም። በአንድ ስበት የሚጠብቁት ቀጭን ገመዶች ደረቅ መሬት ላይ ምቹ ናቸው፤ መቆለፊያቸው በደቃቅ አሸዋ ሲሞላ ግን በቀዘቀዘ ጣት ማላላት ያስቸግራል፣ ያበጠ እግር ደግሞ ማላላት ይፈልጋል። ምላሱ በሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር የተሰፋ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ጠጠርና ጭቃ በጎኑ ይገባል። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር ስስ መሸፈኛ፣ ጌተር የሚባለው፣ የሚገባውን ቆሻሻ በእጅጉ ይቀንሳል።

ውድድሩ ዕቃ አስቀድሞ ወደ ጣቢያ እንዲላክ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለተኛ ጥንድ ጫማ መላክ ከምንም ይበልጣል። ሁለተኛው ጥንድ ከመጀመሪያው በግማሽ ቁጥር ቢበልጥ፣ ጥርሱም ለቀሪው መንገድ ቢመረጥ መልካም ነው። ጫማ ሲቀይሩ እግርዎን ታጥበው በፎጣ ያድርቁ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አየር ያስመቱት፣ ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ተቀብተው የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ካልሲ ያድርጉ። የጥጥ ካልሲ ውሃ ይዞ ስለሚቆይና ስለሚጨማደድ ለዚህ ሩጫ አይሆንም። ደረቅ ጫማ ላይ እርጥብ ካልሲ ማድረግ ደግሞ ጫማውን መቀየር ከንቱ ያደርገዋል።

የተመረጠውን ጫማ ለውድድሩ ቀን በአዲስነቱ አያቆዩት። ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሩጡበት፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ከሦስት ሰዓት የሚበልጥ፣ መጀመሪያውኑ እግርዎን አርሰው የሚጀምሩት ልምምድ ይሁን፤ ደረቅ እግርን ያላቆሰለ ስፌት እርጥቡን ሊያቆስል ይችላልና። ወደ ልምምድ ቦታ ለመድረስ አስፋልት መሮጥ ካለብዎት በሌላ ጫማ ይሂዱ። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት፣ የሚነሣውን የውስጥ ሶል አውጥተው ጋዜጣ ወረቀት ይጠቅጥቁበት፣ ወረቀቱንም ሲርስ ይቀይሩት። ፀሐይ፣ ምድጃና ማሞቂያ ሙጫውን ያስለቅቃሉ፣ ሶሉንም ያኮማትራሉ። ማድረቂያው ነፋስ ያለበት ጥላ ነው። የጥርሱን ቁመት በየወሩ በማስመሪያ ይለኩ፤ ከፊት በኩል ያሉት ከግማሽ በታች ሲወርዱ ያን ጫማ ለበጋ ልምምድ ያዛውሩት።